መምህርና ደቀ መዝሙር፤ በሐይቁ አባት በአባ ኢየሱስ ሞዓ ሕይወት

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ትምህርት የሚወረሰው ከሰው ወደ ሰው ነው። መጽሐፍ የትምህርት ማኅደር መሆኑ የታወቀ ቢሆንም የመጽሐፉን ምስጢር የሚከፍተው መምህር ነው፤ ዜማውን ከነምልክቱ የሚሰጠው፣ የቅኔውን መንገድ የሚያሳየው፣ የትርጓሜውን አንድምታ የሚያወርደው በወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሕያው ሰው ነው። ስለዚህ አበው አንድን ሊቅ ለማወቅ በፈለጉ ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት ስንት መጽሐፍ እንዳነበበ ሳይሆን ከማን እግር ሥር እንደ ተማረ ነው። ቀጥለውም ማንን እንደ ተካ ይጠይቃሉ። ከማን እንደ ተማረ የማይታወቅ ሰው ትምህርቱ ሥር የለውም፤ ማንንም ያልተካ ሊቅ ደግሞ ፍሬ የለውም፤ በብዙ ድካም ያካበተው ዕውቀት ከእርሱ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳልና።

በመምህርና በደቀ መዝሙር መካከል ያለው ኑሮ እንዴት ሲሆን ፍሬ እንደሚያፈራ፣ እንዴትስ ሲሆን መካን ሆኖ እንደሚቀር ለመረዳት በቅዱሳት መጻሕፍት ብዙ ምሳሌ አለ። ሙሴ ኢያሱን፣ ኤልያስ ኤልሳዕን፣ ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን እንዴት እንዳሳደገ ምእመናን ሁሉ ሰምተዋል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ከአገራችን ከወሎ ምድር ሳንርቅ፣ አስቀድሞ መልካም ደቀ መዝሙር፣ በኋላም መልካም መምህር ሆኖ የተገኘውን አንድ አባት እናስባለን። እርሱም የሐይቅ እስጢፋኖስ አበ ምኔት አባ ኢየሱስ ሞዓ ነው።

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ሲሪንቃን አልፎ መርሳ ይደርሳል፤ ከመርሳም የሀብሩን ምድር በውርጌሳ በኩል ጨርሶ ወደ ውጫሌ ያልፋል፤ ከዚያም በኋላ በተራሮች መካከል የተኛ ሰፊ ውኃ ያያል። ይህ የሐይቅ ባሕር ነው። በባሕሩ ውስጥ ያለችው የቅዱስ እስጢፋኖስ ደብር ጥንት በውኃ የተከበበች ደሴት ነበረች፤ ዛሬ ግን በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ተያይዛለች። የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ ሕዝብ ይህን መንገድ ለንግድም ለጉዳይም ሲመላለስበት ይኖራል። ሆኖም በዚያ የሚታየው ውኃ በአንድ ወቅት የኢትዮጵያ መምህራን የተቀዱበት ምንጭ እንደ ነበረ ሁልጊዜ የሚያስበው ጥቂት ነው። እኛም ታሪኩን ማንሣታችን ከቅርባችን ያለውን ሀብት እንዳንዘነጋ ነው።

ደቀ መዝሙር ሳለ

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በዳህና አገር ተወለደ። አባቱ ዘክርስቶስ፣ እናቱ እግዚእ ክብራ ይባላሉ። ዘመኑ የዛጔ ነገሥታት ዘመን ነበረ፤ በቅዱስ ላሊበላ ስም የሚጠሩት ከአለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት የታነፁበት ዘመንም ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ልጁ ያደገው የሃይማኖት ሥራ በዐይን በሚታይበት አገርና ጊዜ ነበረ ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ በአገሩ ያየው አልበቃውም። ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ያህል በሆነ ጊዜ ዘመዶቹን ትቶ፣ ወደ ትግራይ ወጥቶ፣ ደብረ ዳሞ ገባ። በዚያም የገዳሙ አበ ምኔት የነበረውን አባ ዮሐኒን መምህር አድርጎ ያዘ። ይህን ስንሰማ ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ። ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው በዓለም ሥርዐት ትዳር ይዞ፣ ልጆች ወልዶ፣ በሰው ላይ የሚያዝዝበት ዕድሜ ነው። እርሱ ግን በዚያ ዕድሜ ታዛዥ ለመሆን መረጠ። መምህሩ እርሱን ፈልጎ እስኪመጣ አልጠበቀም፤ ራሱ መምህሩን ፈልጎ ሄደ። በአበው ሥርዐት መምህርን መፈለግ የደቀ መዝሙር የመጀመሪያ ትምህርቱ ነው፤ ሳይደክምበት ያገኘውን መምህር የሚያከብር ተማሪ ጥቂት ነውና።

ደብረ ዳሞ በ6ኛው መቶ ዓመት ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆነው አቡነ አረጋዊ የመሠረተው ገዳም ነው። ዙሪያውን ገደል የሆነ አምባ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ ድረስ የሚወጣው በገመድ ነው። ወጪው ገመዱን በገዛ እጁ ይዞ፣ እግሩን በድንጋዩ ላይ እያሳረፈ ይወጣል፤ በወገቡ የታሰረውን ሌላውን ገመድ ግን በላይ ያለው መነኩሴ ይስበዋል። ወጪው እጁን ቢያላላ በላይ ያለው ሰው ብቻውን አያወጣውም፤ በላይ ያለው ቢዘነጋም ወጪው ያለ ሥጋት አይወጣም። የመምህርና የደቀ መዝሙር ነገርም እንዲሁ ነው። ተማሪው በራሱ ጥረት ይወጣል፤ መምህሩም አስቀድሞ በወጣበት ስፍራ ቆሞ ይይዘዋል።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ ሰባት ዓመት እንደ ተቀመጠ ይነገራል። ገድሉ እንደሚነግረን እነዚህ ዓመታት የአገልግሎት ዓመታት ነበሩ፤ ቀን ለአባቶች ሲላላክና ሲሠራ ይውላል፤ ሌሊቱን በጸሎትና በስግደት ያሳልፋል። ከዚህም ጋር የመጻሕፍት ጽሕፈት ተማረ። የብራና ሥራ የቸኮለ ሰው አይሠራውም። ቆዳው ተወጥሮ ይደርቃል፤ ይፋቃል፤ ይለሰልሳል፤ ይሰመራል፤ ጥቁሩና ቀዩ ቀለም ይበጠበጣል፤ መቃው ይቀረጻል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ፊደሉ አንድ በአንድ ይጣላል። ተማሪው ለረጅም ጊዜ የመምህሩን ብራና ሲፍቅና ቀለሙን ሲያዘጋጅ ይኖራል እንጂ ወዲያው ብዕር አይጨብጥም። እንዲህ ያለው ሥራ እጅን ብቻ ሳይሆን ልብንም ያስተምራል፤ ትዕግሥትን፣ ጥንቃቄን፣ የሌላውን ቃል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ማስተላለፍን ያስለምዳል። እነዚህም ሦስቱ በኋላ መምህር ለሚሆን ሰው ዋና ስንቆች ናቸው።

አባ ዮሐኒ ከዚህ በኋላ የምንኩስናን ሥርዐት ሰጠው። ምንኩስናው ከወጣበት መስመር ስንነሣ አንድ ነገር እንረዳለን። አበው እንደሚቈጥሩት ከእንጦንስ ወደ መቃርስ፣ ከመቃርስ ወደ ጳኩሚስ፣ ከጳኩሚስ ወደ አረጋዊ፣ ከአረጋዊ ወደ ክርስቶስ ቤዛነ፣ ከክርስቶስ ቤዛነ ወደ መስቀል ሞዓ፣ ከመስቀል ሞዓ ወደ ዮሐኒ፣ ከዮሐኒ ወደ ኢየሱስ ሞዓ ደረሰ። በዚህ ቈጠራ አንዱ ሌላውን ወለደው እየተባለ ይነገራል። መምህርነት በአበው ዘንድ የልደት ያህል የሚቈጠር ነገር መሆኑን ከዚህ እናያለን። አባት ልጁን የሚወልደው ለራሱ አገልጋይ ለማግኘት አይደለም፤ ዘሩ እንዲቀጥል ነው።

አባ ዮሐኒም ይህን በሥራ አሳየ። እንዲህ ያለ ትጉህ ደቀ መዝሙር ያገኘ አበ ምኔት ለገዳሙ አስቀርቶ ሊጠቀምበት በቻለ ነበር። እርሱ ግን በሌላ አገር ሥራ እንደሚጠብቀው ባወቀ ጊዜ አልከለከለውም። ገድሉም መልአክ እየመራው ወደ ሐይቅ እንደ መጣ ይናገራል።

በሐይቅ ወንበር

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1240 ዓ.ም. ገደማ ሐይቅ ደረሰ። በትውፊት እንደሚነገረው ቤተ ክርስቲያኑ ከእርሱ በፊት በንጉሡ በድል ነዓድ ዘመን በ9ኛው መቶ ዓመት የተተከለ ነበረ። ነገር ግን የገዳም ሥርዐት የጸናበት አልነበረም፤ በደሴቲቱ ወንዶችም ሴቶችም በአንድነት ይኖሩባት እንደ ነበረ ይነገራል። አባ ኢየሱስ ሞዓ አበ ምኔት ሆኖ ስፍራውን የመነኮሳት ማኅበር አደረገው፤ ሥርዐትም ሠራለት። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ዕረፍቱ ከአርባ ዓመት በላይ በዚያው ተቀመጠ።

ይህ ደግሞ ሌላ ቁም ነገር ነው። ፍሬ ያለው መምህር በአንድ ስፍራ የሚጸና መምህር ነው። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ የሚዘዋወር መምህር ብዙ ሰው ያስደንቅ ይሆናል፤ ተማሪ ግን አያወጣም። ተማሪው የመምህሩን ቃል ብቻ ሳይሆን ኑሮውንም ማየት አለበት፤ ሲጾም፣ ሲጸልይ፣ ሲታመም፣ ሲበደል፣ ይቅር ሲል ማየት አለበት። ይህም የሚሆነው አብሮ በመኖር ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ የጸና ስለ ነበረ የእርሱ ደቀ መዛሙርት ከአንደበቱ የሰሙትን በሕይወቱ እያመሳከሩ ተማሩ።

ሁለተኛው የሠራው ሥራ መጻሕፍትን መሰብሰብና ማጻፍ ነበረ። በደብረ ዳሞ የተማረው የብራና ሙያ በዚህ ጊዜ ፍሬው ታየ። እርሱ ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጠው አራቱ ወንጌል በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ ሲሆን እስከ ዘመናችን ተጠብቆ ይገኛል፤ በውስጡም የእርሱ የራሱ ሥዕል ይታያል። በኢትዮጵያ ዘመናቸው ታውቆ ከቆዩን ጥንታውያን የብራና መጻሕፍት አንዱ ስለ ሆነ ሊቃውንት እጅግ ያከብሩታል። ለእኛ ግን ከዚህ በላይ የሚናገረው ነገር አለ። መምህሩ ተማሪዎቹ የእርሱን ቃል ብቻ ተደግፈው እንዲቀሩ አልወደደም፤ እርሱ ካለፈ በኋላ የሚመለከቱበትን መጽሐፍ አስቀመጠላቸው። መጽሐፍ የሌለበት ጉባኤ በመምህሩ ሞት ይበተናል፤ መጽሐፍ ብቻ ያለበት ቤትም መምህር ከሌለ ዕቃ ቤት ነው። በሐይቅ ሁለቱ ተገናኙ።

ወሬው በተሰማ ጊዜ ከየአገሩ ደቀ መዛሙርት ወደ ደሴቲቱ ይመጡ ጀመር። ከእነዚህም አንዱ አባ ሂሩተ አምላክ ነው። ይህ አባት ተምሮ ከወጣ በኋላ ወደ ጣና ሄዶ የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም እንደ መሠረተ ይነገራል። ስፍራውን ተመልከቱ፤ እርሱም እንደ መምህሩ በውኃ መካከል ያለች ደሴት መረጠ፤ ገዳሙም እንደ መምህሩ ደብር በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም ይጠራል። መልካም ደቀ መዝሙር አገሩን ሲለውጥ እንኳ የመምህሩን ቤት አሳብ ይዞ ይሄዳል።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት በመጣ ጊዜ

ከሁሉ ይልቅ ስሙ የወጣው ደቀ መዝሙር ግን የጸጋ ዘአብና የእግዚእ ኀረያ ልጅ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነው። እርሱ ወደ ሐይቅ የመጣው ፊደል ሊቈጥር አልነበረም። ገድሉ እንደሚነግረን ከዚያ በፊት ማዕርገ ክህነት ተቀብሎ፣ በሸዋና በዳሞት ወንጌልን ሰብኮ፣ ሞተለሚ በሚባለው ገዥ ፊት ቆሞ መከራ ተቀብሎ ነበር። በአባ በጸሎተ ሚካኤል ዘንድም ለዓመታት በአገልግሎት ኖሮ ነበር። በዕድሜም ቢሆን ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ጋር ብዙ የሚራራቁ አልነበሩም፤ ሁለቱም የተወለዱት በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ነውና።

እንግዲህ ብዙ ሕዝብ ያስተማረና ስሙ የተሰማ ሰው፣ ዕድሜው ከእርሱ ጋር ከሚቀራረብ መምህር እግር ሥር ተቀመጠ። ይህ ለሁለቱም ፈተና ነበረ ብለን ብናስብ አንሳሳትም። ለደቀ መዝሙሩ ፈተናው ያለፈ ሥራውን እንዳያስብ ነው፤ እኔ ስንቱን ያስተማርሁ ሰው እንዴት እታዘዛለሁ የሚል አሳብ ቢገባበት ትምህርቱ በተቋረጠ ነበር። ለመምህሩም ፈተናው አለ፤ ሰው ከእርሱ ጋር የሚስተካከል ደቀ መዝሙር ሲመጣለት ወይ በማክበር ሳያስተምረው ይቀራል፣ ወይ በቅንዓት ዝቅ ሊያደርገው ይሻል። አባ ኢየሱስ ሞዓ ግን ከሁለቱ አንዱንም አላደረገም። እንደ ማንኛውም ደቀ መዝሙር በማኅበሩ ሥራ አቆመው፤ እንደ ወንድምም ምስጢሩን አካፈለው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት ያህል በሐይቅ ተቀመጠ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የዚህ ታሪክ ልብ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከመምህሩ ተሰናብቶ ወደ ደብረ ዳሞ፣ ወደ አባ ዮሐኒ ሄደ። ይኸውም ወደ መምህሩ መምህር ማለት ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ የእኔ ትምህርት ይበቃሃል ብሎ አልያዘውም። የጠጣበትን ምንጭ ለተጠማው አሳየው። አንዳንድ መምህር ተማሪው ወደ ሌላ ጉባኤ ሲሻገር የተናቀ ይመስለዋል፤ እውነተኛው መምህር ግን የራሱን ልክ የሚያውቅ ነው፤ ራሱ ያልጨረሰው ነገር እንዳለ ሳያፍር የሚናገር፣ የሚበልጥ ወዳለበትም መንገድ የሚያሳይ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የትምህርት ሥርዐትም በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። የዜማው ሊቅ ተማሪውን ለቅኔው ሊቅ ይሰጣል፤ የቅኔው ሊቅ ለመጻሕፍቱ መምህር ይልከዋል። በአገራችን በሰሜን ወሎ ዋድላ የራሱ የቅኔ መንገድ ያለው ቤት ሆኖ እስከ ዛሬ ስሙ የሚጠራው ከየአገሩ የተላኩ ተማሪዎች ስለ መጡለት ነው።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት በደብረ ዳሞ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆየ። በኋላም ወደ አገሩ ወደ ሸዋ ሲመለስ መምህሩን ሳያይ አላለፈም፤ በሐይቅ በኩል መጣ። ደቀ መዝሙሩ ብዙ ዓመት ርቆ፣ ብዙ አይቶ፣ በማዕርግ አድጎ ሲመለስ የመምህሩን ደጅ መሳሙ ምን ያህል ደስ እንዳሰኘ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

ማን ከማን ተቀበለ

በዚህ ስፍራ የሁለቱ ገዳማት ትውፊት ይለያያል። በደብረ ሊባኖስ ወገን የተጻፈው ገድል እንደሚለው አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ቀሚስና ቅናት ተቀበለ፤ ቆቡንና አስኬማውን ግን በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ተቀበለ፤ ሲመለስም ለመምህሩ ለአባ ኢየሱስ ሞዓ ቆብና አስኬማ ሰጠው። በሐይቅ ወገን ያለው ትውፊት ደግሞ አባ ኢየሱስ ሞዓ የምንኩስናውን ሥርዐት ቀድሞ ከአባ ዮሐኒ እንደ ተቀበለ፣ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖትም የሰጠው እርሱ እንደ ሆነ ይናገራል። በኋለኛው ዘመን ሊቃውንት በዚህ ነገር ብዙ ተከራክረዋል፤ የሐይቁ አበ ምኔት ዐቃቤ ሰዓት፣ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ እየተባሉ በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ማዕርግ ስለ ነበራቸው የቀዳሚነት ጥያቄ የክብር ጥያቄ ሆኖ ነበርና።

እንደዚሁም ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. በነገሠ ጊዜ ስለ መንግሥቱ የጸለየና የረዳ ማን ነው በሚለው ነገር፣ ምስጋናውን ለሐይቁ መምህር የሚሰጥ አለ፤ ለደቀ መዝሙሩ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት የሚሰጥም አለ።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ፍርድ ልንሰጥ አልተነሣንም። ይሁን እንጂ ስለ መምህርና ስለ ደቀ መዝሙር የምንማረው ነገር ስላለ እንዲሁ አናልፈውም። በሐይቅ ትውፊት ብንሄድ፣ ደቀ መዝሙሩ ያለውን ሁሉ ከመምህሩ እንደ ተቀበለ እንማራለን፤ ይህም የታወቀው መንገድ ነው። በደብረ ሊባኖስ ትውፊት ብንሄድ ደግሞ መምህሩ በገዛ ደቀ መዝሙሩ ፊት ራሱን ዝቅ አድርጎ እንደ ተቀበለ እንማራለን። ይህ መምህሩን ያሳንሰዋልን? እኛስ የለም እንላለን። ጌታችን በባሪያው በዮሐንስ እጅ ሲጠመቅ ክብሩ አልጐደለም። ልጁ ከእርሱ አልፎ የሄደለት አባት አይዋረድም፤ ይመረቃል እንጂ። ስለዚህ ወደዚህም ወደዚያም ብንል አባ ኢየሱስ ሞዓ በክብር ይኖራል። ጠቡ የሁለቱ ቅዱሳን አልነበረም፤ ከእነርሱ በኋላ የመጣነው ሰዎች ነን እንጂ ማን ይበልጣል የምንለው። የመምህርን ስም ለመጥቀም ብሎ ደቀ መዝሙሩን ማሳነስ፣ ደቀ መዝሙሩንም ለማክበር ብሎ መምህሩን መርሳት ሁለቱም የአንድ በሽታ ሁለት ምልክቶች ናቸው።

ከመምህሩም ተሰናብቶ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደ ሸዋ ወረደ፤ በ1276 ዓ.ም. ገደማ በደብረ አስቦ ዋሻ ማኅበር መሠረተ። ያ ገዳም በኋላ ደብረ ሊባኖስ ተብሎ ተጠራ። ከእርሱም በኋላ በአባ ፊልጶስ ዘመን ዐሥራ ሁለት ንቡራነ እድ ለሸዋ አውራጃዎች ተሹመው ወንጌልን አስፋፉ። እንግዲህ በሐይቅ ደሴት የተዘራችው ዘር እስከ ሦስተኛውና እስከ አራተኛው ትውልድ ድረስ እንዴት እንደ በዛች ተመልከቱ።

ካረፈ በኋላ

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1285 ዓ.ም. ገደማ ኅዳር 26 ቀን ዐረፈ። መታሰቢያውም በየዓመቱ በዚሁ ቀን ይከበራል። ነገር ግን የመምህሩ ዕረፍት የጉባኤው መጨረሻ አልሆነም። የሐይቅ አበ ምኔቶች ዐቃቤ ሰዓት እየተባሉ በነገሥታቱ ዘንድ የታላቅ ማዕርግ ባለቤቶች ሆነው እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ኖሩ። ደብሩም የትምህርት ቤት ሆኖ ቀጠለ።

ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ከዚሁ ጉባኤ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ወጣ። ስለ እርሱ የሚነገረው ለመምህራን ሁሉ ትምህርት ነው። ልጁ በመጀመሪያ ትምህርት አልገባ ብሎት፣ ተስፋ የለውም ተብሎ ወደ አባቱ ተመልሶ ነበር። አባቱ ግን ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው ብሎ መልሶ ወደ ሐይቅ ላከው። በእህል መፍጨትና በመሳሰለው ሥራ ማኅበሩን እያገለገለ፣ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሰ ብዙ ዘመን ኖረ። በኋላም ምስጢር ተገልጦለት መጽሐፈ ምስጢርንና ሌሎችንም ብዙ መጻሕፍት የደረሰ፣ በሰዓታቱም እስከ ዛሬ የምናመሰግንበት ታላቅ ሊቅ ሆነ። ሐይቅ ያን ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ባይቀበለው ኖሮ ቤተ ክርስቲያናችን ምን ያህል እንደምትጐድል ማን ሊናገር ይችላል? ፈጥኖ የሚይዘውን ተማሪ ማስተማር ለማንም ቀላል ነው፤ የመምህር ትዕግሥት የሚለካው በሚዘገየው ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ

ከዚህ ሁሉ በኋላ የተጻፈው ለመመካት እንዳይሆን ወደ ራሳችን እንመለስ። በየአጥቢያችን የምናያቸው የአብነት መምህራን ብዙዎቹ ሽማግሌዎች ሆነዋል። የአንዳንዱ ጉባኤ ጐጆዎች ፈርሰዋል፤ ተማሪው ጥቂት ሆኗል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን በደረሰ ጊዜም ሰላም ሲጠፋ እንዲህ ያለው ኑሮ እንዴት በቀላሉ እንደሚናወጥ አይተናል። አንድ መምህር ሳይተካ ሲያልፍ የሚቀበረው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት መምህራን ሁሉ ድካም አብሮ ይቀበራል። ከእንጦንስ እስከ ኢየሱስ ሞዓ የተቈጠረው ሰንሰለት ከዘለበቶቹ አንዱ ቢጎድል ኖሮ እኛ ዘንድ ባልደረሰ ነበር። ዛሬ ያለነው ሰዎችም ከዘለበቶቹ አንዱ ነን።

እናንተ መምህራን ሆይ፣ ተማሪውን ከራሳችሁ ጋር አታስሩት። ያላችሁን ሳትሰስቱ ስጡት፤ የሌላችሁን ከሚገኝበት ስፍራ ላኩት። ቀለም ደብቆ የሚያስተምር፣ ዋናውን ለመጨረሻ እያለ የሚያቆይ መምህር ሞት ይቀድመዋል። የዘገየውንም አትጣሉት፤ የአባ ጊዮርጊስን ነገር አስቡ። ከሁሉ በላይ ኑሯችሁ ከቃላችሁ አይለይ፤ ተማሪ የሰማውን ቢረሳ እንኳ ያየውን አይረሳምና።

እናንተ ደቀ መዛሙርት ሆይ፣ መምህር እስኪፈልጋችሁ አትጠብቁ፤ ፈልጉት። ከአንዱ ጉባኤ ወደ አንዱ ስትሸጋገሩም ጨርሳችሁና ተመርቃችሁ ይሁን እንጂ ሰልችታችሁ አይሁን። አባ ኢየሱስ ሞዓ በዳሞ ሰባት ዓመት ተቀመጠ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ያን ያህል ስም እያለው በሐይቅ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት ቆየ፤ እናንተ በሁለትና በሦስት ዓመት መምህር ለመባል አትቸኩሉ። ደግሞም ባደጋችሁ ጊዜ የተማራችሁበትን ደጅ አትርሱ፤ ያረጀውን የኔታ ሄዳችሁ ጠይቁ። መምህሩን ያፈረ ሰው ተማሪው ነገ ያፍርበታል።

እናንተ የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ ምእመናን፣ እንደዚሁም ይህን የምታነቡ ወገኖች ሁሉ፣ ይህ ነገር የካህናት ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ በደጃችሁ ሲቆም ከምትሰጡት ቁራሽ ጋር የምታኖሩት ቤተ ክርስቲያንን ነው። ለመምህሩ ቀለብ፣ ለተማሪው ልብስ፣ ለጐጆው ክዳን የሚያዋጣ ሰበካ ለራሱ ልጆች ቄስና ዲያቆን ያተርፋል። ልጃችሁ ዘመናዊውን ትምህርት ሲማር ደስ እንደሚላችሁ ሁሉ፣ ወደ የኔታ ደጅ ሲሄድም ደስ ይበላችሁ፤ ሁለቱ አይጣሉም። ሐይቅም በመንገዳችሁ ላይ ናትና በምታልፉበት ጊዜ ወደ ደብሩ ገብታችሁ ተሳለሙ፤ ለልጆቻችሁም በዚያ የነበረውን መምህር ታሪክ ንገሩአቸው።

አባ ኢየሱስ ሞዓ ከዳህና ወደ ዳሞ ሲወጣ የሚጠብቀውን አያውቅም ነበረ፤ መምህር እንደሚያስፈልገው ብቻ ያውቅ ነበረ። ያ አንድ ማወቅ ለደሴቲቱ፣ ለጣና፣ ለሸዋና ለመላዋ ኢትዮጵያ በረከት ሆነ። እኛም ከማን እንደ ተማርን እንድናስብ፣ ማንን እንደምንተካም እንድናስተውል እግዚአብሔር ልቡና ይስጠን። የአባታችን የአባ ኢየሱስ ሞዓ በረከትና የደቀ መዛሙርቱ ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።